የጊንጪ ወተት

እንግዳወርቅ ጊንጪ ሳይደርስ ጉዳዩን በልቡ ጨርሶት ነበር። ኅዳር ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. ነው። እንዲህ ላለ ምርመራ ከአዲስ አበባ ሲላክ ይህ ስድስተኛው ነው፤ የፊተኞቹ አምስቱ ሁሉ ያለቁት የግምጃ ቤት ሠራተኛ በመታሰር ነው። መጀመሪያ ሰሞን ያናድደው ነበር። አሁን አያናድደውም፤ ምንም አይለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የውጭ አገር መንግሥት በየዓመቱ በጀት እየመደበ ለኢትዮጵያ የዱቄት ወተት ይልካል። ወተቱ ክብደታቸው ዝቅ ላለ ሕፃናት ይታደላል፤ ሕፃናቱ ሲያገግሙ ጣቢያው ይዘጋና ወተቱ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። የጊንጪ ልጆች ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ጠጥተው ኪሏቸው ንቅንቅ አላለም። ለጋሾቹ ጠየቁ፤ ወተቱ የት ነው የሚገባው?

በክሊኒኩ የተቀበለችው ድሬሰሯ ወሰንየለሽ ናት። ሠላሳ ያህል ልጆች ጣሳቸውን ይዘው በግቢው ውስጥ ይገፋፋሉ፣ ይባረራሉ። ጩኸታቸው አላነጋግር ስላላቸው ወደ ውስጥ ገቡ።

«እስቲ ጥቂቶቹን ይመዝኑልኝ» አላት።

መጀመሪያ የገባችው ቦጋለች የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ሚዛኑ ላይ አቆመቻት። ወሰንየለሽ የሚዛኑን ብረት ቀስ እያለች ገፋችና «አሥራ አንድ ኪሎ» አለች። እንግዳወርቅም ጎንበስ ብሎ አየ። አሥራ አንድ ነው። ከእሷ በኋላ አምስት ልጆች ተመዘኑ፤ ሁሉም ከሚገባቸው በታች ናቸው።

«ግምጃ ቤቱን የሚይዘው ማን ነው?»

«ኦቦ ጉደታ ነው። ኦቦ ጉደታ ባይሳ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ዝምተኛ ነው። ሥራው ግምጃ ቤት ብቻ አይደለም። ቧንቧ ሲበላሽ፣ በር ሲወልቅ፣ ሚዛን ሲያስቸግር የምንጠራው እሱን ነው።»

«ቁልፉስ?»

«እሱ ጋ ብቻ ነው ያለው።» ይህን ስትል ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነበር። «ከጭልሞ ጫካ ማዶ የነበረውን የወተት ጣቢያ ያውቁታል?» አለችው።

«ልጆቹ አገግመው የተዘጋውን? የምስጋናውን ደብዳቤ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።»

«ባለፈው ክረምት እዚያ ዘጠኝ ልጆች ተቀበሩ።»

እንግዳወርቅ ማስታወሻውን ገለጠ። «እሱ በሌላ ክፍል የሚታይ ጉዳይ ነው» አለ።

ከሰዓት በፊት ከአንድ ፖሊስ ጋር ሄዶ የጉደታን ቤት አስፈተሸ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። መደብ፣ አሮጌ ካፖርት፣ እንዲሁም መፍቻና ሞረድ የሞላበት የእንጨት ሣጥን ተገኘ። ወተትም ገንዘብም የለም። «በደንብ ደብቆታል» አለ ለፖሊሱ።

ጉደታን ክሊኒኩ ውስጥ አስቀምጦ ጠየቀው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ እጁ የሻከረ ሰው ነው።

«ወተቱን ማን ነው የሚወስደው?»

«ልጆቹ ይጠጡታል ጌታዬ።»

«ከጠጡት በሁለት ዓመት ውስጥ ለምን ኪሎ አልጨመሩም?»

ጉደታ ሚዛኑን አየት አድርጎ ዓይኑን መለሰ።

«ስማኝ» አለው እንግዳወርቅ ድምፁን ሳያነሣ። «ሌባ ከተገኘ ሰውዬው ይቀየራል፣ ወተቱ ይቀጥላል። ሌባ የለም ከተባለ ግን በሚመጣው ወር ፈረንጆቹ ሐኪማቸውንና ዕቃቸውን ይዘው መጥተው እያንዳንዱን ልጅ እንደ አዲስ ይመዝናሉ።»

«ሌባው ከተገኘ አይመጡም?»

«ምን ሊሠሩ ይመጣሉ?»

ጉደታ ከግቢው ወደሚሰማው የልጆች ጩኸት ዞረ።

«እኔ ነኝ የሸጥኩት» አለ።

«ለማን?»

«ለመንገደኛ ነጋዴ። ስሙን አላውቅም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እርስዎ እንዳሉት ነው። ሁለት ዓመት።»

እንግዳወርቅ ቃሉን ጻፈ። ጉደታ ሳያነበው ፈረመ። ፖሊሱ ይዞት ሲወጣ ወሰንየለሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ልትከተለው አንድ እርምጃ ስትራመድ ጉደታ ዞር ብሎ በኦሮምኛ አጭር ነገር ተናገራት። ቆመች። እንግዳወርቅ ኦሮምኛ አይሰማም።

«ምን አለዎት?»

«ልጆቹ እየጠበቁ ነው አለኝ።»

ጭልፋውን አንሥታ ወደ ግቢው ወጣች።

እንግዳወርቅ ሪፖርቱን እዚያው ጨረሰ። «ሌብነቱ ተረጋግጧል» ብሎ ጻፈ። «የጉዳቱን መጠን ለማሳየት ያህል፦ ቦጋለች ፉፋ፣ ዕድሜ አራት፣ ክብደት አሥራ አንድ ኪሎ። ስለዚህ ወተቱ በአዲስ ሠራተኛ እጅ ሌላ ሁለት ዓመት እንዲቀጥል።» አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። አላዘነም፣ ደስም አላለው። የራበው መስሎት ነበር፤ ግን አልራበውም።

ከአምቦ የሚመጣው አውቶቡስ ዘገየ። ጥሩሰው የሚባል እህል ነጋዴ ደጃፉ ላይ ወንበር አወጣለት። ነጋዴው አዲስ ባስኩላ ገዝቶ ላገኘው ሁሉ ያሳይ ነበር።

«ጌታው፣ እስቲ ይመዘኑ። የመንግሥት ማኅተም ያለበት ነው።»

ጊዜውን ለመግፋት ያህል ወጣበት። ስልሳ ስምንት ኪሎ ሆነ። ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ሲመዘንም ስልሳ ስምንት ነበር።

የቦጋለች እናት ኑግ ልትሸጥ እዚያው ቆማ ነበር። ልጅቱ እንግዳው ሲመዘን አይታ «እኔም» አለች። እናቷ እጇን ልትይዛት ስትል ጥሩሰው ቀድሞ አነሣትና ባስኩላው ላይ አቆማት። ብረቱን ወዲህ ወዲያ ገፋ፤ ተስተካክሎ እስኪቆም ጠበቀ። በአምቦ በኩል የአውቶቡሱ ጥሩንባ ተሰማ።

«አሥራ አራት ተኩል» አለ ጥሩሰው።