ለእናቷ ዝም ብላ ለጎረቤት ያወራችው ልጅ

«ልጄን ምን አድርገሻት ነው?!»

ተናኘወርቅ ነገሌ ቦረና ገበያ አጠገብ፣ በጎረቤቷ በመሱዳ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆማ ጮኸች... ጊዜው 1963 ዓ.ም. ነው።

መሱዳ ስኳር በወረቀት እየጠቀለለች ነበር። ደነገጠች።

«እትዬ ተናኘ፣ ምን አደረግኩ?»

«ስታወራ ሰማኋት! በገዛ ጆሮዬ! ለአንቺ!»

ነገሩ እንዲህ ነው...

ተናኘወርቅ የፍርድ ቤት ጸሐፊው የአቶ ቢረሳው ሚስት ናት። ከጎጃም መጥተው ነገሌ ከተቀመጡ ስምንት ዓመታቸው። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ብዙወርቅ። ስድስት ዓመቷ።

ብዙወርቅ አታወራም። የሰው ዓይን አታይም። እናቷ አገላብጣ ልትስማት ስትል እየጮኸች አልጋ ሥር ትገባለች።

«እማዬ» የምትል አንዲት ቃል ለመስማት ተናኘወርቅ ያልተሳለችለት ታቦት የለም።

ያን ቀን ታዲያ ልጅቷን ፍለጋ ሁልጊዜ ሾልካ የምትገባበት ጎረቤት ሱቅ ብቅ ስትል... ከጆንያዎቹ ጀርባ የልጇን ድምፅ ሰማች።

በኦሮምኛ!

የተናኘወርቅ ኦሮምኛ ደግሞ ከቅቤና ከወተት ዋጋ አያልፍም። ልጅቷ ምን እንደምትል አልገባትም። የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው... ልጇ አፏን የፈታችው ለሌላ ሴት ነው።

ቅናት ያዛት።

ቤተሰቦቼ፣ በባል መቅናት ያለ ነው። በልጅ መቅናትን ግን... የቀመሰ ያውቀዋል።

«መድኃኒት አብልታብኝ ነው» አለች ለባሏ። ልጅቷ ማውራቷን ግን አልነገረችውም።

«ኧረ ተይ ተናኘ፣ የሰው ስም አታጥፊ።»

አልሰማችም። ልጅቷ ሱቁ አጠገብ እንዳትደርስ ከለከለቻት።

መሱዳ ሁለት ጊዜ ልታነጋግራት ቤቷ መጣች።

«እትዬ ተናኘ፣ ልጅቷ እኮ የምትለው...»

«የልጄን ወሬ ከአንቺ አፍ ልስማ?!»

በሩን ፊቷ ላይ ዘጋችባት።

ብዙወርቅ እህል አልቀምስም አለች። ግንባሯን ከግድግዳ ጋር ታጋጭ ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ውጭ አገር የተማረ የልጆች ሐኪም ለሥራ ነገሌ መጣ ተባለ። አቶ ቢረሳው ቁርጡን ተናገረ።

«ይያት። ‹ምንም አይገባትም› ካለ ጎጃም እናቴ ዘንድ ትሂድ። እዚያው ጠበል እየተጠመቀች ትኑር። እኔ የሰው መሳቂያ መሆን ሰልችቶኛል።»



ሐኪሙ ክፍል እንደገቡ ብዙወርቅ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ሐኪሙ ኳስ አንከባለለላት። ስሟን ጠራ። አጨበጨበ። ዞራም አላየችው። ሲከታተላት ቆየና ብዕሩን አነሳ።

«ወይዘሮ፣ ልጅቷ ትናገራለች?»

«አትናገርም» ብትል... ልጇ ጎጃም ልትሄድ ነው።

«ትናገራለች» ብትል... ምስክሯ ያቺው ሴት ናት። እኔ እናቷ ያልቻልኩትን እሷ ችላለች ብሎ ባል ፊት ማመን ነው።

አያችሁ ቅናት የሚሠራውን? ልጇን ልትነጠቅ ነው... ምላሷ ግን አልታዘዝ አላት!

በመጨረሻ ነጠላዋን እዚያው ጥላ ወደ መሱዳ ሱቅ ሮጠች።

«መሱዳ... እህቴ... ነይልኝ። ልጄን ሊወስዱብኝ ነው።»

መሱዳ ሱቋን ክፍት ትታ ተከተለቻት።

ስትገባ ልጅቷን አልሳመቻትም። አላቀፈቻትም። ዓይኗንም አላየችም። ወለሉ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠችና የአገሩን ሰላምታ ጀመረች።

የቦረና ሰላምታ ጥድፊያ አያውቅም። ቤቱን፣ ከብቱን፣ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ይጠይቃል። መልሱ ሁልጊዜ «ነጋ» ነው፣ ሰላም። ቤት ውስጥ ሰው ቢሞት እንኳ መጀመሪያ «ነጋ» ይባላል፣ መርዶው ቆይቶ ይነገራል።

«መና ነጋ?» አለች መሱዳ። ቤቱ ሰላም?

ከጠረጴዛው ሥር... «ነጋ።»

ቢረሳው ከወንበሩ ብድግ አለ። ሐኪሙ በእጁ ምልክት መልሶ አስቀመጠው።

«አባን ነጋ?» አባትስ?

«ነጋ።»

«ሃቲ ነጋ?» እናትስ?

ይህን ጊዜ ግን...

«ነጋ ሚቲ።»

ሰላም አይደለችም!

ለሰላምታ እንዲህ ብሎ የሚመልስ ሰው የለም። ብዙወርቅ ግን ለይሉኝታ ብሎ መዋሸትን አታውቅበትም። በኦሮምኛ ሳታቋርጥ ቀጠለች። መሱዳ እንባዋን እየጠረገች ተረጎመች።

«እናቴ የውኃው በርሜል ጋ ሄዳ ታለቅሳለች ትላለች... ግራ እግሯን ያማታል፣ ሰው ሲወጣ ታሸዋለች ትላለች... ጎመን አትወድም፣ ለአባቴ ብላ ነው የምትበላው ትላለች...»

ተናኘወርቅ የእግሯን ሕመም ለባሏ እንኳ ነግራው አታውቅም።

«መቼ ነው ይህን ያየችው?»

«ሁልጊዜ ነው እትዬ ተናኘ። እኔ ዘንድ መጥታ ሌላ ወሬ የላትም። የምታወራው ስለ አንቱ ብቻ ነው። ይህንኑ ልነግርዎት ነበር ሁለቴ የመጣሁት...»

ስድስት ዓመት «ልጄ አታየኝም» ስትል የኖረች እናት... ከእሷ የበለጠ የታየች ሴት በነገሌ አልነበረችም።

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ።

«እንዲህ ያሉ ልጆች ውጭ አገር ሳለሁ አይቻለሁ። ኦቲዝም ይሉታል። እዚህ ገና ብዙ ሰው አያውቀውም። ይገባታል ወይ ካላችሁኝ፣ ከሁላችንም በላይ ይገባታል። በሯ ነው የተለየው። ያን በር ካገኘችው ሰው አትለዩዋት።»

የጎጃም ነገር ዳግመኛ አልተነሳም። ተናኘወርቅም ከዚያ ወዲህ ኦሮምኛ ልትማር ከመሱዳ ሱቅ አልጠፋችም።

ቅናቱስ ለቀቃት? እውነቱን ልንገራችሁ... ጨርሶ አልለቀቃትም። ልጇ መጀመሪያ ወደ መሱዳ ስትዞር ቅር ይላት ነበር። ግን እየቀናችም ትሄድ ነበር!

ትምህርቱ ይኸው ነው፦ ቅናት የተነገረውን አያሰማም፣ ለማን እንደተነገረ ብቻ ነው የሚያሰማው። ልጁ ዝም ያለው ወላጅ ሁሉ ደግሞ ያልተወደደ አይምሰለው።

እስቲ በሐቀኝነት መልሱልኝ... በተናኘወርቅ ቦታ ብትሆኑ፣ ያን ቀን መሱዳን ሮጣችሁ ትጠሯት ነበር... ወይስ ክብራችሁ ያስቀራችሁ ነበር? 👇