በጋሽ ምልኬሳ ጉበት ውስጥ የሚነፋው ፊሽካ

አንዲት ቃል ብዋሽ ምላሴ ይድረቅ፤ ትናንት ከሰዓት ጋሽ ምልኬሳ ጉበት ውስጥ ገብቼ ወጥቻለሁ።

አሁን ሆስፒታል፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ያየሁትን እየነገርኳቸው ነው። ዓይናቸው እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ክኒኑ መዳፋቸው ላይ ነው፤ አይውጡትም። ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን በመስኮቱ ሲያልፍ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ይርገበገባል።

ነገሩን ያበላሸችው ዶክተር ናኦሚ ናት። "የሰውነትዎ ዘበኞች ተሳስተው የራስዎን ጉበት እየደበደቡ ነው፤ ይኼ መድኃኒት ያስተኛቸዋል" አለቻቸው። ለማን? ሲኤምሲ እኛ በምንጠብቀው አፓርታማ በር ላይ ስንት ክረምት ሲያድሩ አንዴ እንኳ አሸልበው ለማያውቁት ሰውዬ። እዚህ ተኝተው እንኳ ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አላወለቁም።

"ዘበኛ የሚያስተኛ ሌባ ብቻ ነው" ይላሉ። "እንቅልፍ ለአንተ ነው፣ ለቀን ተረኛው።"

"እሱማ ሙያዬ ነው ጋሼ። ትናንትም እጄን ጎንዎ ላይ እንዳደረግኩ ወሰደኝ፤ በዚያው ተንሸራትቼ ገባሁ።"

ውስጡ ሰፈር ነው። ቀይ ጭጋግ ለብሷል፣ ይሞቃል፤ ቤቶቹ ተጠጋግተው፣ በመሀላቸው ደም እንደ ጅረት ቀስ ብሎ ይሄዳል። በየበሩ ዘበኛ ቆሟል። አንድ ቅጠል ጣራ ላይ ወደቀች። አንዱ ፊሽካ ነፋ። ጎረቤቱ ሰምቶ ነፋ፣ ማዶ ያለው ተቀበለው። እኛ ሰፈር እንደሚሆነው ነው፤ አንዱ ከነፋ "ምን አየህ?" የሚል የለም፣ ዱላ ይዞ መሮጥ ነው። ሌባ ሲያጡ ቤቶቹን ይመቱ ጀመር። ግድግዳው አበጠ፣ ተሰነጠቀ። ፍርስራሹ እንደ ሲሚንቶ እየደረቀ ጅረቱን ይዘጋው ነበር።

"ሌባውስ?" አሉ ጋሽ ምልኬሳ ከትራሱ ቀና ብለው።

"የለም። አንዱን ሽማግሌ ዘበኛ ጠየቅኩት። 'ሲነፋ ሰምቼ ነው የነፋሁት' አለኝ። እንባው እየወረደ ይነፋል። 'ተኛ እንጂ' ስለው፣ 'ተረኛ ሳይመጣ?' አለኝ።"

ክኒኑን በጣታቸው አገላበጡት።

"እና ይኼ ነው ተረኛው?"

"ነው። ለእኔ እንኳ በር ያስረክቡ የለ?"

"ለአንተ ማስረከብ ማስረከብ ሆኖ" አሉ፤ ከንፈራቸው ግን ፈገግ ሊል ነው።

"ዶክተሯም ለመስቀል በርዎ ላይ ይቆማሉ ብላለች።"

ዋጡት። ከዚያ ፊሽካውን አውልቀው መዳፌ ላይ አኖሩት፤ ሙቀታቸው አለበት። "ሳታይ እንዳትነፋ" አሉና ዓይናቸውን ከደኑ። እኔ ነቅቼ ተቀመጥኩ።

እንግዲህ ጅረቱም እውነት ነው፣ ሽማግሌውም እውነት ነው። ከራሴ የጨመርኩት የመስቀሉን ብቻ ነው። ዶክተር ናኦሚ ያለችው "ከዋጡት እናያለን" ነው።