ጎኔን ተዉት

ነርሷን ሁሉም ሰው «ሲስተር» ይላታል። አሥራ ሁለት ዓመት በአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይ ተቀምጣ ካርድ ስትሞላ ኖራለች። በእውነት የተቸገረውንና ጥጋብ ያመጣውን ገና ደጃፍ ላይ እለያለሁ ባይ ናት። ሐኪም ይሳሳት ይሆናል፤ እሷ ግን አትሳሳትም።

ያን ቀን የመጣችውን ወጣት ሚስት የመደበቻት ከጥጋበኞቹ ነው።

ከባሏ ጋር ነው የመጣችው። ባልየው ወንበር ሳበላት፣ ቦርሳዋን ያዘላት፣ ስልኳንም በራሱ ኪስ አኖረላት። ስሟ ሲጠየቅ እንኳ የመለሰው እሱ ነው።

«ሁሉን አንተው ተሸክመህ?» አለችው ሲስተር።

«ለላም ቀንዷ ይከብዳታል እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

እንዲህ ያለውን ባል ለማን እንደሚሰጥ አንድዬ ያውቃል፣ አለች ሲስተር በሆዷ። እሷ ያገባችው የራሱን ካልሲ የማያነሳ ሰው ነው።

ዶክተሩ የሴትዮዋን አፍንጫ በሁለት ጣቱ ዳሰሰ። መሐሉ ዝቅ ያለ፣ ጫፉ ወደ ግራ ዘመም ያለ አፍንጫ ነው።

«ይኼ የዘር ነው መሰለኝ።»

«አዎ ዶክተር። የአባቴም የወንድሜም እንዲሁ ነው።»

«ታዲያ ምን ሆነና? ለምን አትተዪውም?»

«ሰልካካ እንዲሆንልኝ ነው» አለች። ባሏን አየት አደረገችው። «እንዳምርለት።»

«ዓመት ሙሉ ለመነችኝ» አለ ባልየው። «እምቢ ብል ብል አልሆነም።»

ዶክተሩ መንገዱ ሁለት መሆኑን አስረዳ። አንደኛው ከጎድኗ ጫፍ ልም አጥንት ቆርጦ መትከል ነው፤ ጆሮ ላይ እንዳለው የሚተጣጠፍ ነው፣ የገዛ አካሏ ስለሆነም ሰውነቷ አይጠላውም። ሁለተኛው ከፋብሪካ የሚመጣ ሲሊኮን ነው። ጎኗ አይቀደድም፣ ሥራውም ቶሎ ያልቃል፤ ግን ባዕድ ነገር ነውና ሊቆጣ፣ ከቦታውም ሊንሸራተት ይችላል።

«ቆዳሽ ስስ ነው። እኔን ብትሰሚኝ የራስሽ ይሻላል።»

«የራሷ ይሁን» አለ ባልየው። «ባዕድ ነገር አካሏ ውስጥ ምን ያደርጋል?»

«ሲሊኮኑን ነው የምፈልገው።» ድምፅዋ ከፍ ሲል ይህ የመጀመሪያው ነበር። «ጎኔን ተዉት። ጎኔስ ይበቃዋል።»

ሲስተር ከንፈሯን መጠጠች። መቆንጀቱን ትፈልጋለች፣ ሕመሙን ግን አትፈልግም። ባልየው ትከሻውን ነቀነቀና በዶክተሩ ፊት ነገር ላለማብዛት እሺ አለ።

ጥቂት ቆይቶ ስልክ ተደውሎለት ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሴትዮዋ ወዲያው ወንበሯን ወደ ሲስተር አስጠጋች።

«ሲስተር፣ ይኼ ሲሊኮን ይበሰብሳል?»

«እኔና አንቺ አፈር ስንሆን እሱ እንዳለ ይቀመጣል።»

«ቁጥር አለው ብለውኛል። ካርቶኑ ላይ ብቻ ነው?»

«ከሥሩም ተቀርጿል። እኛ ደግሞ መዝገብ ላይ እናሰፍረዋለን። ምነው፣ ልትመልሺው አሰብሽ?»

ሴትዮዋ አልሳቀችም። መዝገቡን ጎንበስ ብላ አየችና፣ በተጠሪው ቦታ ሌላ ስልክ እንዲጻፍላት ጠየቀች። ቁጥሩን በቃሏ ነው የተናገረችው።

«የማን ነው?»

«የወንድሜ። ባሌ እንዳይሰማ፣ አደራሽን።»

ወንድሜ! ሲስተር በዚህ ወንበር ላይ ስንት «ወንድሜ» ሰምታለች። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። አፍንጫው ለማን እንደሚታደስ አሁን ገባት።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። በአሥረኛው ቀን ፋሻው ሲነሳ መስታወቱን የያዘላት ባሏ ነበር። እሷ ግን መስታወቱን ገረፍ አድርጋ አየችና የሲሊኮኑ ቁጥር የሰፈረበትን ካርዷን ጠየቀች። ቁጥሩን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ካርዱን ለሲስተር መለሰችላት።

«እዚሁ ይቀመጥልኝ።»

የሲስተር አንጀት ከዚህ በላይ አልቻለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገር የሚያውቀውን ባል አያውቅም። ሴትዮዋ እጇን ልትታጠብ ስትገባ ባልየውን ጥግ አስይዛ ስለ ስልኩ ነገረችው።

አልጮኸም፣ አልተቆጣም። መዝገቡን ረጋ ብሎ ተመለከተ።

«ተባረኪ እህቴ። የኔን ብትተኪበት ደስ ይለኛል።»

ሲስተር በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችና የሱን ጻፈች። ጨዋነቱ አስለቀሳት።

በሦስተኛው ሳምንት ብቻውን መጣ። ጢሙ አድጓል፣ ሸሚዙ ተጨማዷል።

«ለክትትል መጥታ ነበር?»

«አልመጣችም። ምነው?»

«ጥላኝ ሄደች። ከዚያ ሰውዬ ጋር።»

ሲስተር ወንበር ሰጥታ፣ ውሃ ቀድታ አጽናናችው። ቀድማ ባትነግረው ኖሮ ሰውየው በዱብ ዕዳ ሊያብድ ነበር፤ ይህን አስባ በራሷ ኮራች።

ዝናቡ አልፎ ወንዙ ሲጎድል አንድ ፖሊስ መጣ። ጠረጴዛዋ ላይ ትንሽ የላስቲክ ከረጢት አኖረ። ውስጡ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ ነጭ ነገር አለ፤ ጥጉ ላይ ጭቃ ደርቆበታል።

«ወንዝ ውስጥ ከተገኘ አስከሬን ላይ ነው፤ ሌላ መለያ አልተረፈም» አለ። «ቁጥር ግን አለው።»

ሲስተር መዝገቡን ገለጠች። ገጹን ሁለት ጊዜ አለፈችው። ቁጥሩ አለ። ከጎኑ በቀይ የተሰረዘ ስልክ፣ ከሥሩም በራሷ እጅ የተጻፈ ሌላ ስልክ አለ።

«እሷ ናት?» አለ ፖሊሱ። «እኛማ ለማረጋገጥ ነው እንጂ፣ ገና ጭቃውን ሳናጥበው ቁጥሩን በቃሉ የነገረን ያ በሩ ላይ የቆመው ነው።»

ውሽማዋ፣ አለች ሲስተር በልቧ። ቀና ብላም አየችው።

የሰውየው አፍንጫ መሐሉ ዝቅ ያለ፣ ጫፉ ወደ ግራ ዘመም ያለ ነበር።