የአግዳሚው ቦርሳ

ተቆጣጣሪው ቁልፉን አስረክቦ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ፣ የስፌት መኪናዎቹ ሁሉ ጸጥ ብለው ነበር። የስፌት ቤቱ ባለቤት አዲሷን ሠራተኛ ልጅ እቅፍ አድርጋ፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፤ እንኳን ነገርሽኝ» አለቻት። ሴቶቹ ከበቧት፤ አንዷ ውሃ ይዛ መጣች፣ ሌላዋ እንባዋን በጨርቅ ቁራጭ ጠረገችላት።

ከአግዳሚዋ ያልተነሳችው አንጋፋዋ ሰፊ ብቻ ነበረች። ደስ ሊላት ሲገባ ቅናት አንገበገባት። የተቆጣጣሪው እጅ አላርፍ ሲላት እሷም ለዚህችው ባለቤት አቤት ብላ ነበር፤ ሴትዮዋ ግን «እጁ ነው እንጂ ልቡ እኮ ክፉ አይደለም» ብላ ሳቀችባት። ይቺ ትናንት የመጣች፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንኳ በቅጡ ያልለመደች፣ በአንድ ቃል ታመነች! አንጋፋዋ አግዳሚው ላይ ከጎኗ ያስቀመጠችውን ትልቅ ቦርሳ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ሰውየው «ስፌቱን ላሳይሽ» እያለ መጥቶ እንዳይለጠፍባት፣ እሷ እየሠራች ቦርሳው ከዚያ ቦታ ተነስቶ አያውቅም።

ልጅቷ ሴቶቹን አልፋ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«ታድለሽ!» አለቻት አንጋፋዋ፣ ቀና ብላ ሳታያት።

ልጅቷ ቦርሳውን አየችው። «እትዬ፣ ቦርሳዎ ለምን እዚህ እንደሚቀመጥ በመጣሁ በሳምንቴ ገብቶኝ ነበር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ግን ቦርሳ የለኝም።»

ቅናቱ አንጋፋዋን ወዲያው አልለቀቃትም። ቢሆንም ቦርሳውን አንስታ እግሯ ሥር ጣለችው።

«ቁጭ በይ» አለቻት።