የባዶ ቤት ጭስ

ቤቱን የምታየው የአካባቢው ምክር ቤት ተቆጣጣሪ መኪና ከዋናው መንገድ ወደ ጭቃማው መግቢያ ሲታጠፍ፣ ደጅ ቆማ ስትጠብቅ የነበረችው ደርቭላ ወደ ቤቱ ዞር አለችና ክው ብላ ቀረች። ከሁለት ዓመት በላይ ሰው አልኖረበትም ብላ ካመለከተችበት ቤት አናት ላይ ጭስ ይትጎለጎላል።

መንግሥት ለእድሳት ገንዘብ የሚሰጠው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ባዶውን ለቆየ ቤት ነው። ገንዘቡ ከሌለ ጣሪያ የለም። ጣሪያ ከሌለ ደግሞ ደርቭላ ከነልጇ ደብሊን፣ ግድግዳው ላይ ምስማር መምታት እንኳ በማይፈቀድላት የኪራይ ክፍል ውስጥ ትቀራለች፤ አክስቷ አትራክታ ያወረሰቻት ይህ የሊትሪም ገጠር ቤትም የቁራ ሲሳይ ይሆናል።

ድንጋጤዋ ግን ብዙ አልቆየም። ደርቭላ ስትደነግጥ አገጯን ቀና የምታደርግ ሴት ናት፤ ይህንንም ከቤቱ ጋር ከአክስቷ ነው የወረሰችው። በሩን በርግዳ ገባች።

ጎረቤቷ ሽማግሌው ማላኪ ምድጃው ስር ተንበርክከው ኡፍ ኡፍ ይላሉ። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ከራሳቸው ወርዶ የማያውቀው ኮፍያቸው እንዳለ ነው። አጠገባቸው ከረግረጉ ተቆርጦ የደረቀ የአፈር ማገዶ ተከምሯል፤ ከማገዶው ጎን አንዲት አሮጌ የቆርቆሮ ባልዲ ተቀምጣለች።

«ማላኪ! ምን እየሠሩ ነው?»

«እሳት ነዋ! እንግዳ ይመጣል አላልሽም? በቀዝቃዛ ቤት ልትቀበዪ ነው? አትራክታ ብትሰማ ከመቃብሯ ተነስታ በማማሰያ ነበር የምትለኝ።»

«ቤቱ ባዶ መሆን አለበት እኮ!»

«ባዶ ነው እንጂ! ማንን አየሽበት?»

ደርቭላ ሳትመልስ ተቆጣጣሪዋ ኢመር የቦት ጫማዋን ጭቃ ደፉ ላይ እያራገፈች ገባች። ፊቷ ክፉ አይመስልም፤ ዓይኗ ግን ምንም አያመልጠውም። ግድግዳዎቹን አንድ በአንድ በባትሪ አየች። ሁሉም በእርጥበት ጠቁረዋል፣ የምድጃው ግድግዳ ብቻ ደርቋል። ጎንበስ ብላ ድንጋዩን በመዳፏ ዳበሰችው።

«ይሄ ድንጋይ ዛሬ ብቻ የሞቀ አይደለም» አለች። «ማነው እዚህ የሚኖረው?»

ደርቭላ አፏን ስትከፍት ማላኪ ቀደሟት።

«ማንም። እሳቱ ብቻ ነው።» ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ ተነሱ። «አትራክታ ያረፈች ሌሊት ምድጃዋ ውስጥ የተዳፈነ እሳት ነበር። እናቷ ያላጠፋችውን፣ አያቷ ያላጠፋችውን እሳት እኔ ላጥፋው? ፍሙን በዚህች ባልዲ ይዤ ቤቴ ገባሁ። አዘቦቱን እኔ ጋ ይውላል፣ ያድራል፤ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አመጣዋለሁ። ቤቱን እንዳይረሳ ብዬ ነው።»

ከድጡ ወደ ማጡ! ደርቭላ ያንን ኮፍያ አፋቸው ድረስ ብትደፋባቸው በወደደች። ግን ደግሞ፣ እሷ ደብሊን ሆና አክስቷን በስልክ ፎቶ ስታስታውስ፣ እኚህ ሰው በየእሁዱ በዚህ ሁሉ ዝናብ እሳት ሲያመላልሱ ኖረዋል፤ አንድም ቀን አልነገሯትም።

«እሁድ እሁድ» አለች ኢመር ብዕሯን እያወጣች።

«እውነታቸውን ነው» አለች ደርቭላ። «አሁን ደግሞ ነይ፣ የቀረውን ላሳይሽ።»

የመኝታ ቤቱ በር በእርጥበት አብጦ አልከፈት አለ። ደርቭላ በትከሻዋ ገፋችው፣ ደገመችው፣ በሦስተኛው ተበረገደ። የዛፍ ቅርንጫፍ በተሰበረው መስኮት ገብቶ እስከ አልጋው ደርሷል። አልጋው ራስጌ ላይ የተሠራው የቁራ ጎጆ ደግሞ ከአልጋው ይልቅ ደልቶታል። ባለቤቱ ቁራ ሦስቱንም ተሳድቦ በረረ።

«እዚህ የሚያድር ካለ ክንፍ አለው ማለት ነው» አለች ደርቭላ። «ኪራይም ከፍሎ አያውቅም።»

ኢመር ሳትወድ ሳቀች። የውሃውን ቧንቧ ከፈተችው፤ ዝገት አስሎ ዝም አለ። የመብራቱን ማብሪያ ጫነችው፤ እሱም ዝም። ከዚያ ወደ ምድጃው ተመልሳ እጆቿን አሞቀች።

«ደንቡ ሰው እንዳይኖርበት ነው የሚለው» አለች በመጨረሻ። «ስለ እሳት ያለው ነገር የለም። ባዶ ነው ብዬ እጽፋለሁ።»

ደርቭላ ይሄንን ድሮም አውቀው ነበር በሚል ፊት ራሷን ነቀነቀች።

«ስሚኝ ግን» አለች ኢመር። «ፈቃዱ እጅሽ እስኪገባ አንዲት ምስማር እንዳትነኪ። ይሄ ጭስ መውጫም ተሰንጥቋል። ፈርሶ እስኪሠራ ድረስ ከዛሬ ጀምሮ እሳት እንዳይነድበት።»

ማላኪ ወደ ምድጃው ዞሩ። መኪናው ሄዶ ድምፁ ከራቀ በኋላም እሳቱን እያዩ እንደቆሙ ቀሩ።

«በዚህ ቤት እሳት ሲጠፋ አያለሁ ብዬ አላሰብኩም» አሉ።

«ማን ይጠፋል አለ?»

ደርቭላ አካፋውን አነሳችና ምድጃው ስር ተንበረከከች። ፍሙን እያፈሰች ባልዲው ውስጥ አደረገች፤ አክስቷ ማታ ማታ ታደርግ እንደነበረው አመዱን ከላይ በስሱ አለበሰችው።

«ጣሪያው ተሠርቶ እስኪያልቅ እርስዎ ጋ ይክረም። ያን ቀን ባልዲውን ከእርስዎ ቤት ወደዚህ ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ። በርዎን ከፍተው ይጠብቁኝ።»

«ያቺ የደብሊን ልጅሽስ እሳት ማዳፈን ታውቃለች?»

«እርስዎ ምን ሥራ አለዎት? ያስተምሯታላ!»

«እንደ እናቷ ግትር ከሆነች አንድ ክረምት አይበቃኝም» አሉና ባልዲውን ተቀብለው ወጡ። ፊታቸው ግን በርቷል።

ደርቭላ በሩ ላይ ቆማ ሸኘቻቸው። ማሳው መሐል ሲደርሱ ዝናቡ መጣ። ማላኪ ቆም አሉ፤ ኮፍያቸውን ከራሳቸው አወለቁና ባልዲውን ጋረዱበት፤ ከዚያ ሽበታቸው እየረጠበ ወደ ቤታቸው አዘገሙ።