የሹክሹክታ ቀጠሮ

ጨርቃ ጨርቅ ሱቁ ውስጥ የሚጠሯት ሹክሹክታ ብለው ነው። ትክክለኛ ስሟን ስትናገር በደንብ የሰማ ሰው ስለሌለ ቅጽል ስሙ ጸናባት።

ሱቁ የአክስቷ ነው። አክስቷ ክፉ አይደለችም፤ ትዕግሥቷ ግን አጭር ነው።

«ጨርቁ እንኳ ካንቺ ይሻላል፤ ሲቀደድ ይጮኻል!» አለቻት ሰኞ ዕለት። «እስከ ቅዳሜ ደንበኛ ማናገር ካልጀመርሽ ወደ እናትሽ እመልስሻለሁ።»

ሹክሹክታ መመለስ አልፈለገችም። ከታላቅ እህቷ ጋር የምትኖርባት ክፍል ጠባብ ብትሆንም ትወዳታለች። እህቷ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። ጎህ ሳይቀድ ወጥታ በምሳ ሰዓት ትመለሳለች። ዘዴውን ያመጣችውም እሷ ናት።

የሰውን ባሕርይ የሚያጠኑ ምሁራን፣ ሰው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር እንዴት እንደሚግባባ ለማየት ፈቃደኞች ይፈልጉ ነበር። እህቷ ሳታማክራት አስመዘገበቻት። ደብዳቤም መጣ፤ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መጠበቂያ አዳራሽ ይላል።

«እነዚህ ሰዎች ብልጦች ናቸው» አለች እህቷ። «ጥናቱ የሚጀምረው ስምሽ ሲጠራ እንዳይመስልሽ። ገና ወንበር ላይ ስትቀመጪ ነው። አጠገብሽ ያሉት ሁሉ አስመሳዮች ናቸው። አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ይቆጣል። አንቺ ምን እንደምታደርጊ ተደብቀው ያያሉ።»

«እኔ እኮ አፍራለሁ።»

«የውሸት ሰው ምን ያሳፍራል? አንቺም አስመስዪ!»

ይህ ነገር ልቧ ገባ።

ሹክሹክታ የትም ስትሄድ ቀድማ ነው የምትደርሰው። ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ መግባት ያስፈራታል። ለቅዳሜ ሦስት ቀን ሲቀር፣ ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ አዳራሹ ውስጥ ተገኘች።

እንዲያም ሆኖ የቀደሟት ነበሩ። አዳራሹ ሁለት በሮች አሉት። አንደኛው ተቆልፏል። ከሌላው በር ጀርባ እንደ ስፌት መኪና የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰማል። ጥግ ላይ ሰው የሌለበት ጠረጴዛ አለ፤ ስልክ ተቀምጦበታል። ጣሪያው ላይ ደግሞ ትንሽ ክብ ነገር ተለጥፏል።

«ካሜራው ይኼ ነው» አለች በልቧ።

አንድ ሰውዬ ፊቱን በሻርፕ ጠምጥሞ ያቃስታል። ማቃሰቱ እውነተኛ ስለመሰላት አደነቀችው። አንድ ትንሽ ልጅ የእናቱን ቀሚስ ወደ መውጫው እየጎተተ ያለቅሳል። በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት አፏን በእጇ ይዛ፣ ማንንም ሳታይ ወጣች። ሳቋን ስትደብቅ መሆን አለበት።

ስልኩ ጮኸ። ማንም አላነሣም። ደግሞ ጮኸ። ሹክሹክታ ሰው ሁሉ እሷን የሚያይ መሰላት። ተነሥታ አነሣችው።

«ሀሎ! ዛሬ ጠዋት ሰው ሞልቷል፤ ከሰዓት ቢመጡ ይሻላል።»

ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው። ራሷም ደነገጠች።

«የኔ እህት፣ ተራ የምታስይዢው አንቺ ነሽ?» አለቻት የልጁ እናት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ማስመሰል ነው እንግዲህ። ወረቀት ፈልጋ የሁሉንም ስም በየተራው ጻፈች። ከዚያ ልጁ ፊት ቁጢጥ አለች።

«ስማ፣ ከእኔ በላይ መጮኽ አትችልም።»

ልጁ ጮኸ። እሷም ጮኸች። ልጁ አፉን እንደ ከፈተ ዝም ብሎ አያት፤ ከዚያ ሳቀ።

በዚህ መሀል አንድ ባለ ሙሉ ልብስ ሰው መጥቶ በቀጥታ ወደ በሩ አመራ።

«ጋሼ፣ ተራ አለ።»

«እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?»

«አሳምሬ!» ብላ በዓይኗ ጠቀሰችው። «ሥራዎን ደግሞ ተክነውበታል። ቢሆንም ሰባተኛ ነዎት።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ባለ ሻርፑ ሰውዬ ከሁሉም አብልጦ ሳቀና «ወይኔ!» ብሎ ጉንጩን ያዘ። ጋሼም ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

በሩ ተከፈተ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ጠና ያለች ሴት ብቅ አለች።

«ዛሬ ምን ተገኘ? እዚህ ቤት ሳቅ ሰምቼ አላውቅም።»

ሁሉም ወደ ሹክሹክታ ጠቆሙ። ሴትዮዋ የተራውን ወረቀት አነሣች፤ አነበበች፤ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ጸሐፊዬ አግብታ ከሄደች ወዲህ ሰው ስፈልግ ነው የከረምኩት። ከሰኞ ጀምሮ እዚህ ወንበር ላይ ትቀመጪልኛለሽ?»

ሹክሹክታ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ ፈገግ አለች። የመጨረሻው ፈተና መሆኑ ነው።

«እቀመጣለሁ። ግን ወንበሩ ይነቃነቃል፤ ይቀየርልኝ።»

«ሰው ማለት እንዲህ ነው!» አለች ሴትዮዋ እየሳቀች። ወረቀት አስፈረመቻት። አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ የከተተችውን ነጭ ጋዋንም ሰጠቻት።

በምሳ ሰዓት ሹክሹክታ ለእህቷ ሁሉንም ነገረቻት። እህቷ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«አላልኩሽም? ለመሆኑ አስመሳዮቹ ስንት ነበሩ?»

«ሁሉም! አንደኛው ጉንጩን እንዴት አድርጎ አሳብጦት እንደመጣ ብታይ!»

እህቷ ፌስታሉን ከፍታ ጋዋኑን ዘረጋችው። ከደረት ኪሱ በላይ በሰማያዊ ክር አንዲት ጥርስ ተጠልፋለች። ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ። ደብዳቤውን ከመደርደሪያው አንሥታ አነበበችው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየች።

«አንቺ ልጅ» አለች፣ «ዛሬ እኮ ገና ረቡዕ ነው።»