ከቃሉ በፊት ያለው ዝምታ

መምህሩ ከሁለት የታወቁ የነፃነት ንግግሮች የተወሰዱ አንቀጾችን ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጽፎ ሲያነጻጽር፣ ተማሪዎቹ ያዛጉ ነበር። በዚህ መሃል፣ ድሮ ያስተማራት፣ አሁን ባልደረባው የሆነችውና ትምህርቱን ልትከታተል የገባችው ወጣት ከኋላ ወንበር ተነሣች።

"ጋሼ፣ ሁለተኛው ተናጋሪ እኮ 'ነፃነት' ከማለቱ በፊት ዝም ይላል። ሕዝቡ ቃሉን ቀድሞት እንዲለው ነው የሚጠብቀው።"

ክፍሉ በአንዴ ነቃ፤ ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። መምህሩ ንግግሩን ለዓመታት ሲያስተምር ያንን ዝምታ ልብ ብሎት አያውቅም። ባስተማራት ልጅ ሊኮራ ሲገባው ቀናባት። ዳስተሩን አንሥቶ ሁለተኛውን ንግግር ማጥፋት ጀመረ።

"ኧረ ጋሼ፣ አያጥፉት! ትጨርስልን!" አለ አንዱ ተማሪ።

"ለዛሬ ይበቃል፤ ውጡ" አለ መምህሩ ፊቱን ሳያዞር።

ማንም ከወንበሩ አልተነሣም።